ሠላሳ ስድስት

ትኩሳት አልነበረውም። ሳሉም ሳል አይባልም።
ማክሰኞ ምሳውን ገፋ፤ ለምን እንደሆን አልተናገረም።
ረቡዕ ሌሊት ኮፍያውን ደፍቶ፣ ባትሪውን ይዞ ወጣ፣
"መብራቱን አብሩ" አለን፣ "የጅቡቲው ባቡር መጣ።"

የድሮው ሐዲድ ላይ ፍየል መዋል ከጀመረ ስንት ዓመቱ!
ተያየንና "እርጅና ነው" አልን።
ሰማንያ አንድ ዓመት ቀልድ ነው እንዴ?
"ጃጀ" አልን፣ በሹክሹክታ፣ እንዳይሰማ።
አዴ ሞሚና ከጓሮዋ ዳማከሴ ቀጥፋ መጥታ
ግንባሩን፣ አንገቱን ቀባችው በመዳፏ አሽታ፤
"ፀሐይ ነው የጣለው፣ ድሬ መቼ ትምራለች" አለች፣ "ምች ነው።"

ስሙን አልሳተችም፤
የሳተችው ቦታውን ነው።

ድል ጮራ የደረስነው ሐሙስ ጠዋት፣ በእኔው ባጃጅ፣
ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ራሱ እህቴ ጭን ላይ።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጀርባውን ረጅም ጊዜ አዳመጠች፣
ሰው ደጅ ቆሞ የቤት ውስጥ ኮሽታ እንደሚያደምጥ።
"የሳንባ ምች" አለች። "በዚህ ዕድሜ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤
ሳያስል፣ ሳያተኩስ፣ መጀመሪያ ሐሳብን ነው የሚሰርቀው።"
ዘንድሮ ሦስተኛችን ነው።

ስምንት አልጋ፤ ስድስቱ ላይ ሽበት።
አባ ሮብሌ ከገንደ ቆሬ። አው አብዶሽ ከመጋላ፣
ልጃቸው በካርቶን ስታራግብላቸው ክንዷ ዝሎ።
በመስኮቱ በኩል ደግሞ ስማቸውን ማንም ያልነገረኝ፣
አስታማሚ የሌላቸው፣ የኛን ሾርባ የሚካፈሉ።
አንዱ ሲሊንደር ለሁለት ሰው ነው፤ ተራ አለው እስትንፋስ።
ካርቶን ቀን ማራገቢያ፣ ሌሊት አልጋ ሥር ፍራሽ።
እህቴ አስካለ ታይዋን ያለውን ሱቋን ከዘጋች አምስት ቀኗ።
እኔ ሒሳቤን በምልልስ ነው የማስበው፤
አንዱ መርፌ ከሳቢያን ከዚራ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣
በቀን ሁለቴ ይወጋል፣
ቀሪውን አልደምርም።

ሐሳቡ ግን ተመለሰለት።
ውጭ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ፤ የኒሙ ቅጠል አይነቃነቅም።
ሲስተር ራውዳ ደረቱን አይታ "ሠላሳ ሁለት" ብላ ጻፈች።
አባቴ የኪስ ሰዓቱን ጨብጧል። ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ
"ሠላሳ ስድስት" አለ። "አራት አሳለፍሽ፣ ልጄ።"
ሠላሳ አንድ ዓመት የጣቢያ መዝገብ የያዘ ሰው፣
ገቢውን፣ ወጪውን፣ የዘገየውን በደቂቃ የጻፈ፣
አንድ ፉርጎ ሳይቆጥር አሳልፎ የማያውቅ።
ሳቀች። ሰዓቷን አይታ እንደገና ቆጠረች።
ሰረዘች። ሠላሳ ስድስት።

ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት
አው አብዶሽ ማንም ሳይቆጥራቸው አለፉ።
ሲነጋ አልጋቸው ላይ አዲስ አንሶላ፣ አዲስ ሽበት።
ልጃቸው ካርቶኑን ለእኛ ትታ ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን "ተሽሎታል" የሚል ወረቀት ሰጡን።
አልዋሹም፣ ተሽሎታል።
ግን ከበሩ እስከ ባጃጁ ሦስት ቦታ አረፈ፤
ደቻቱን በእግሩ ሲሻገር የኖረ ሰው
አሁን ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ
ቁጭ ብሎ ያቅደዋል።
አወጣነው እንጂ ሙሉውን አላወጣነውም፤
ከኋላ ተቀጥሎ የነበረ አንድ ነገር እዚያ ቀርቷል።

ሌሊት እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ፣ በእሱ ሰዓት እቆጥራለሁ።
ወደ ለገሃር ውሻ ይጮኻል።
የተኛ ይመስለኛል።
"ስንት ሆነ?" ይላል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
"ሃያ አራት።"
"ጻፈው።"